«ፓርላማው ይዘጋ፤ ስልካችን ይበቃል» ላለው ወንድሜ

ባለፈው ሰሞን አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ የጻፈው ጽሑፍ በየቴሌግራሙ ሲዞር ሰነበተ። እኔ ጋ ከሦስት ሰው ደረሰ። አንደኛው «አንብበውና ተናደድ» የሚል ማስታወሻ አክሎበታል። አነበብኩት፤ አልተናደድኩም። እንዲያውም እስከ ግማሹ ድረስ «እውነቱን እኮ ነው» እያልኩ ነበር። ከግማሽ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸብኝ።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከእንግዲህ አያስፈልግም። ስልክ አለን፤ ፋይዳ መታወቂያ አለን። ረቂቅ አዋጅ ሲወጣ በመተግበሪያ ይለቀቅ። ዕድሜው 18 የሞላ ሁሉ «አዎ» ወይም «አይ» ይበል። ማታ ይቆጠር። የበዛው ሕግ ይሁን። ወንድማችን ለዚህ ስድስት ምክንያት ደርድሯል። ስዊዘርላንድና ኢስቶኒያን ምስክር ጠርቷል። የአባቶቻችንንም ሸንጎ አልረሳም።

ስድስቱንም አያቸዋለሁ። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፤ አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ግን የእድራችንን ነገር ላውራ። እሱን ካላወራሁ የቀረው አይገባም።

የኛ እድር 140 አባል አለው። ሰፈራችን ከተማው ዳር ነው፤ ግማሹ ደሞዝተኛ፣ ግማሹ ገበሬ። ዓምና ክረምት ላይ ኮሚቴው ጨነቀው። ወርሃዊ መዋጮው 50 ብር ነበር። የንፍሮው እህል፣ የድንኳኑ ጥገና፣ ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ሁሉም ጨምሯል። መቶ ብር ይሁን ተባለ። ጸሐፊያችን ወጣትና ቀልጣፋ ነው። «ሰውን እሁድ ለምን እናስቸግራለን? ግሩፑ ላይ ድምፅ እንስጥ» አለ። አደረገውም። «መዋጮው ከ50 ወደ 100 ብር ይደግ? አዎ። አይ።» በሁለት ቀን 61 ሰው መለሰ። 44 አዎ፣ 17 አይ። ጸሐፊው «አልፏል» ብሎ የጭብጨባ ምልክት ለጠፈ።

እሁድ ስንገናኝ ጉዱ ወጣ። ግሩፑ ውስጥ የሌለው አባል ካለው ይበልጣል። ከመለሱት ውስጥ ሦስቱ ካንድ ቤት ናቸው፤ አባትየው፣ ወንድ ልጃቸውና አዲስ አበባ የምትሠራ ሴት ልጃቸው። የእድሩ አባል ደግሞ አባትየው ብቻ ናቸው። ይህም ይሁን፤ ይስተካከላል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«መቶውን እከፍላለሁ። መቼ ነው የምከፍለው?» አሉ።

«በየወሩ ነዋ፣ እማማ።»

«በየወሩማ ለደሞዝተኛ ነው። እኔ ብር የማየው ጥር ላይ ገብሴን ስሸጥ ነው። ነሐሴ ላይ ከየት ላምጣ? ለምን የዓመቱን ጥር ላይ ባንዴ አትቀበሉኝም?»

ዝም ተባለ። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን። በመጨረሻ የወጣው ውሳኔ መቶም አልሆነ፣ ሃምሳም አልሆነ። ደሞዝተኛው በየወሩ 80 ይክፈል። ገበሬው የዓመቱን ጥር ላይ ባንዴ ይስጥ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶች ባሉበት 50 ይቆዩ። ድንኳኑን የመሃላችን ልብስ ሰፊ በነፃ ይጠግነው። «አይ» ብለው የነበሩትም እጃቸውን አወጡ። ይህ መልስ ቴሌግራሙ ላይ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም፤ ያ ጥያቄ እስኪነሳ ድረስ ማንም አላሰበውማ።

አሁን ወደ ጽሑፉ።

የመጀመሪያው ክርክሩ የርቀት ነው። ከመንዝ አዲስ አበባ በበቅሎ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቆጥሮልናል፤ የጣርማ በርን ብርድ እንኳ አልተወም። ያኔ ሁሉም መሄድ ስለማይችል አንድ ሰው ተላከ፤ ዛሬ ድምፃችን በሰከንድ ስለሚደርስ መልእክተኛው ይሰናበት ነው የሚለው።

ተወካይ ፖስተኛ ቢሆን ኖሮ እኔም አሰናብተው ነበር። ሥራው ግን ሌላ ነው። አዋጅ እንዴት እንደሚወጣ እንይ። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። የተወካዮች ምክር ቤቱ ተወያይቶ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ኮሚቴው ሕጉ የሚነካቸውን ሰዎች ይጠራል፣ ይጠይቃል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ያያል፤ የሚቀነሰውን ይቀንሳል፣ የሚጨመረውን ይጨምራል። ከዚያ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። በቴሌቪዥን የምናየው እጅ ማውጣት የመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ ናት። መተግበሪያው እቺን አምስት ደቂቃ ወስዶ «ሕግ ማውጣት ይህ ነው» ይለናል። የቀረውን ማን ይሥራው? ረቂቁን የጻፈው መሥሪያ ቤት ራሱ ነዋ። ከዚህ በላይ ለሚኒስቴር ምን ደስታ አለ? የሚያፋጥጠው ኮሚቴ የለ፤ «ይህ አንቀጽ ለምን ገባ?» የሚለው የለ። የእድራችን ጸሐፊ እኮ ክፉ ሰው አይደለም። ጥያቄውን ብቻውን ጻፈው፣ በቃ።

አንድ ሕግ ልጥቀስ። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 አለ። ስለ ውርስ አለበት፣ ስለ ኪራይ አለበት፣ ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ስለ መበደር አለበት። አንድ የምንጃር ጤፍ አምራች የብድሩን ነገር ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል። የኪራዩ ነገር ደግሞ ያሳስበው ይሆናል። የትኛውን ይጫን? «አዎ» ካለ የፈራውንም አጸደቀ። «አይ» ካለ የወደደውንም ጣለ። አንቀጽ በአንቀጽ ድምፅ ይሰጥ ቢባል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንቀጽ 5 ይጸድቅና እሱ የቆመበት አንቀጽ 12 ይወድቃል። የተረፈውን ሕግ ዳኛው እንዴት አድርጎ ያንብበው?

የጊዜም ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 እንዲሠራ አዟል። በመሃል አንድ ወር ያርፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሚጸድቁት ውስጥ የብድር ስምምነት ማጽደቂያ አዋጆች ብዙ ናቸው። የወለድ መጠን፣ የእፎይታ ጊዜ፣ የመክፈያ ዘመን። የበጀት አዋጁ ደግሞ ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት፣ ልክ ገበሬው እርሻ ላይ ሲሆን ይመጣል። ሰው የምንወክለው መንገዱ ስለራቀን ብቻ አይደለም። ሥራ ስላለን ነው። እኔ ራሴ የስልኬን የአጠቃቀም ውል አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም፤ «እስማማለሁ» ብዬ ነው የማልፈው። ሕጉንም እንዲሁ እንደማደርገው አውቃለሁ።

ሁለተኛው ነጥቡ ከሁሉ የሚጠነክረው ነው። ተወካዮቹ አይወክሉንም፣ የፓርቲያቸውን ዓይን አይተው እጅ ያወጣሉ ይላል። እዚህ ላይ አልከራከረውም። በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አንድ ፓርቲ ነው የወሰደው። ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ «አዋጁ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ»። ማን ተቃወመ? ማን ድምፀ ተአቅቦ አደረገ? ቁጥር እንጂ ስም አንሰማም። ወንድማችን የተወካዩን መልክ አይቶ እንደማያውቅ ጽፏል። እኔም የራሴን ተወካይ ስም ያወቅሁት ይህን ምላሽ ልጽፍ ስነሳ ፈልጌ ነው። ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረው ግን እሱን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ነው።

ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ አልልም። አይጧ ትገደል። ምጣዱ ግን ለምን ይሰበራል?

የሚገርመው፣ ሕገ መንግሥቱ ዱላውን አስቀምጦልናል። አንቀጽ 12 የተመረጠ ሰው የሕዝብ አመኔታ ሲያጣ ሕዝቡ ሊያነሳው ይችላል ይላል። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 ይህንኑ ለምክር ቤት አባላት ይደግመዋል። እኔ በዕድሜዬ በዚህ አንቀጽ ከወንበሩ የወረደ ሰው አላየሁም። መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ዝጓል። ስልኩን ለዚህ እናውለው ቢለኝ ኖሮ ከጎኑ እቆም ነበር። ተወካዬ በእያንዳንዱ አዋጅ ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ማታ በመልእክት ይድረሰኝ። ስንት ቀን ከስብሰባ እንደቀረ ይቆጠርልኝ። አላስደሰተኝም ስል የማንሻ ፊርማ የምሰጥበት ቦታ ይኑር። የአንድን ሰው ኮሌታ መያዝ ይቻላል። «54.3 በመቶ» የሚባል ነገር ግን ኮሌታ የለውም። አዋጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቴን ቢያፈርስ ማን ጋ ሄጄ ልጩህ?

ሦስተኛ፣ ምስክሮቹ። ስዊዘርላንድና ኢስቶኒያ።

ከኢስቶኒያ ልጀምር፤ አጭር ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ይመርጣሉ። በ2023ቱ ምርጫቸው ከመራጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድምፁን የሰጠው በኢንተርኔት ነው። ግን ምን መረጡ? 101 የፓርላማ አባላት! የመሣሪያቸው ዘመናዊነት ተወካይ ለመምረጥ ነው እንጂ ተወካይን ለማስቀረት አይደለም። ወንድማችን የጠራው ምስክር ለእኔ ነው የመሰከረልኝ።

ስዊዘርላንድ ትንሽ ረዘም ይላል። በዓመት አራት ጊዜ ያህል ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ይሰጣል። አንድ አዋጅ ያልጣመው ሰው በ100 ቀን ውስጥ 50,000 ፊርማ ካሰባሰበ ሕጉ ለሕዝብ ይቀርባል። ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ደግሞ በ18 ወር 100,000 ፊርማ ያስፈልጋል። ጥሩ ነው፣ እኔም እቀናለሁ። ነገር ግን ፓርላማቸውን አልዘጉም። አንዱ ምክር ቤት 200፣ ሌላው 46 አባላት አሉት። የሕዝቡ ድምፅ ልጓም ነው፤ በቅሎዋ ግን አለች። ድምፅ ከመስጠታቸው በፊትም የሁለቱንም ወገን ክርክር የያዘ መጽሔት በየቤታቸው ይደርሳቸዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች የሚሆነው መራጭ ብቻ ነው የሚሳተፈው። በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ተጠይቀው!

በጣም የወደድኩት ግላሩስ የሚባለውን ግዛታቸውን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ተሰብስበው እጅ በማውጣት ይወስናሉ። ማንኛውም መራጭ ተነስቶ ማሻሻያ ማቅረብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥታቸው «25ቱን ወረዳዎቻችንን ወደ 10 እናጥፋቸው» ብሎ መጣ። አንድ ዜጋ ብድግ ብሎ «10 ለምን? 3 ይበቃል» አለ። ተከራከሩ፤ 3 ሆነ። ይህን ሳነብ የእድራችን እናት ናቸው ትዝ ያሉኝ። በስልክ ቢሆን «10 ይሁን? አዎ፣ አይ» ነበር የሚባለው። ሦስት የምትባል ቁጥር አትወለድም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ወንድማችን ዘሎታል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1959 «ሴቶች ድምፅ ይስጡ ወይ?» ተብሎ ወንዶቹ ተጠይቀው ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ «አይ» አሉ። ሴቶቹ ለፌደራል ምርጫ እስከ 1971 ጠበቁ። የብዙኃን ድምፅ ሁልጊዜ የብዙኃን ፍትሕ አይሆንም። ይህን ነገር ከታች እመለስበታለሁ፤ ለኛ አገር ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነው።

አራተኛው፣ «ገንዘባችንን በቴሌብር ካመንን ድምፃችንን ለምን አናምንም?» የሚለው ነው። አንባቢ ሁሉ የወደደው ይህን መስመር መሰለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው።

በገበያ ቀን አንድ የስልክ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። በርኖስ የለበሱ አባት ገቡ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ላስቲክ የተጠመጠመበትን ፕላስቲክ ፈቱ። «ልጄ፣ ልጄ ብር ልካልኝ እንደሆን እስቲ እይልኝ» አሉ። የሱቁ ልጅ «የሚስጥር ቁጥር?» አላቸው። ስድስቱንም ቁጥር ጮክ ብለው ነገሩት። ሱቁ ውስጥ አምስት ሰው ነበርን። ልጁ ታማኝ ነው፤ ብሩን አውጥቶ ቆጥሮ ሰጣቸው፣ መርቀውት ሄዱ። አሁን በዚያው ስልክ አዋጅ መጣ እንበል። ማነው ድምፅ የሚሰጠው? እሳቸው ወይስ የሱቁ ልጅ? ልጁም ታማኝ ባይሆንስ? በገበያ ቀን ስንት ስልክ በእጁ ያልፋል?

የገንዘብና የድምፅ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ብር ስትልክ በስምህ ነው። ብር ቢጎድል ሒሳብህን አይተህ ታውቃለህ፤ ትጮሃለህ፤ መዝገቡ ይታያል። ድምፅ ግን ሚስጥር መሆን አለበት። ማን ምን እንደመረጠ ከታወቀ ቀበሌው ያውቃል፣ አሠሪው ያውቃል፣ አባወራው ያውቃል። ማን ምን እንደመረጠ ካልታወቀ ደግሞ ድምፅህ መንገድ ላይ ቢቀየር በምን ታውቃለህ? በመረጃ መረብ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ማስታረቅ ከባድ ነው። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ግን የኮምፒውተር ሰዎች ራሳቸው ሲቸገሩ አይቻለሁ። ስዊሶች እ.ኤ.አ. በ2019 የፖስታ ድርጅታቸውን የኦንላይን ድምፅ መስጫ «ሰብራችሁ አሳዩን» ብለው ለዓለም ከፈቱት። ተመራማሪዎች ድምፅ ሳይታወቅ ሊቀየር የሚችልበትን ቀዳዳ አገኙ። ሥርዓቱ ቆመ፤ በ2023 ነው በጥቂት ግዛቶች እንደገና ለሙከራ የመጣው። ኖርዌይ ሁለት ጊዜ ሞክራ እ.ኤ.አ. በ2014 ተወችው። ኢስቶኒያም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ700 ሺህ በላይ የመታወቂያ ካርዶች ችግር ተገኝቶባቸው ማረጋገጫቸውን እስከ ማገድ ደርሳለች።

የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ያለው ነገር ልቤን ነካው። የምርጫ ኮምፒውተሮቹን የከለከለው ተሰብረዋል ብሎ አይደለም። ተራው ዜጋ ልዩ እውቀት ሳያስፈልገው ቆጠራውን መከታተል መቻል አለበት ብሎ ነው። በኛ ምርጫ ጣቢያ ወረቀቱ ይዘረገፋል፣ ታዛቢ እያየ ይቆጠራል፣ ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ማጭበርበር አይኖርም እያልኩ አይደለም። ግን ሲጭበረበር ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ዓይኑ ያያል። መጋረጃው ውስጥ ደግሞ ብቻህን ነህ። ቤት ውስጥ ግን ብቻህን አይደለህም። ድምፅ የሚገዛውም ሰው «እስቲ ስክሪንሾት አሳየኝ» ማለት ይችላል።

የመብራቱንና የኔትወርኩን ነገር አላበዛውም፤ መንዝ ወይም መርሐቤቴ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱን ብቻ ልበል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፣ ለሳምንታት ቆየ። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልነበረም። ፓርላማው ስልካችን ቢሆን ኖሮ ያኔ ፓርላማው የት ነበር? ማብሪያ ማጥፊያው በእጁ ያለ ሰው የሕግ አውጪውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር።

አምስተኛው የአባቶች ሸንጎ ነው። አባቶቻችን ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው በቀጥታ ይወስኑ ነበር፣ ውክልና የፈረንጅ ነው ይላል።

ከዚህ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። «ሕዝቡ አልደረሰም» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ይህ አባባል ለኛ አዲስ አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ተብሎ እንደራሴዎቹን በመኳንንቱና በሹማምንቱ ነው ያስመረጠው። «እስኪችል ድረስ» የምትባለው ቃል ስንት ዓመት እንደፈጀች እናውቃለን። የእድራችን እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ከጸሐፊያችን ግን የተሻለ ሕግ አውጪ ናቸው። የኔ ጥያቄ የሕዝቡ እውቀት አይደለም፤ እውቀቱ የሚወጣበት በር ነው።

ወደ ሸንጎው እንመለስ። ሩቅ ሳንሄድ የመንዝን ጓሳ እንይ። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚኬድበት ያ ሣር ሜዳ እስካሁን የቆየው ለ400 ዓመት ገደማ በሕዝብ ደንብ ሲጠበቅ ስለኖረ ነው። ጓሳው የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ገሳ ነው፤ በክፉ ዓመት ደግሞ ግጦሽ ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉት የአካባቢው ባለመብቶች ተሰብስበው አለቃ ይመርጡ ነበር። ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ጠባቂ ይመደባል። የተሰረቀ ሣር ይዞ የተገኘ ይቀጣል። ጊዜው ሲደርስ መክፈቻው ቀን ይነገራል፤ ያኔ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሜዳው ምን ያህል እንደተጎዳ የአካባቢው ሰው ያወራል።

ከዚህ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡት አባቶች ራሳቸው ሰው መርጠዋል። ስሙ የሚታወቅ፣ ሲያጠፋ የሚጠየቅ አለቃ። ውክልና የፈረንጅ ነው ያለን ወንድማችን ጓሳን ቢጎበኝ ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ የወሰኑት ጓሳው የነሱ የሆኑት ሰዎች ናቸው። «ጓሳው ይዘጋ?» ተብሎ ዛሬ በስልክ ለአገሪቱ ሁሉ ቢቀርብ ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ያለው ቀበሮው አምሮት «ለዘላለም ይዘጋ» ይላል። ሌላው ድንች ይታረስበት ይላል። የጌራ ሰው ድምፅ በሚሊዮኖች መሃል ይሰምጣል። የቤቱ ክዳን ግን የሚያፈሰው እሱ ላይ ነው።

የብዙኃኑን ነገር እመለስበታለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ከአንኮበር አፋፍ ወደ ታች ብትመለከቱ የአርጎባ መንደሮች አሉ። ሕገ መንግሥቱ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ሕዝቦች ከ20 የማያንስ ወንበር ለይቷል። የአርጎባ ተወካይም በዚያ ምክር ቤት ተቀምጦ ያውቃል። አንድ ወንበር ምን ታደርጋለች ይባል ይሆናል። ቢያንስ ማይክ ይዛ ትናገራለች፣ ኮሚቴ ውስጥ ትገባለች፣ ሌላውን ትለምናለች፣ ትደራደራለች። በስልክ ቆጠራ ውስጥ ግን አርጎባ ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር ነው። ነገ ደግሞ በሌላ ጉዳይ ላይ ያ ቁጥር እኛው ልንሆን እንችላለን። ሰሜን ሸዋ ከመላው አገሪቱ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው?

ስድስተኛው የወጪ ጉዳይ ነው። የ547 ሰው ደሞዝና አበል ይቀራል ይላል። ይቀራል። በምትኩ ለሰርቨሩ፣ ለደህንነቱና ለዳታው ማን እንደሚከፍል አልነገረንም። እለፈው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ቀጥታ ድምፅ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 8 ራሱ የሕዝብ ሉዓላዊነት በተወካዮችም፣ በቀጥታ ተሳትፎም ይገለጻል ይላል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ክልል ልሁን አልሁን ብሎ ወረቀት ላይ ድምፅ ሲሰጥ ጥያቄው በእርግጥም ሁለት መልስ ያለው ነበር፤ የተጠየቁትም የሚመለከታቸው ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ እኔም ከሰልፉ ፊት እቆማለሁ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይደለም። የእድር መዋጮ እንኳ አልሆነም።

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ካለህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እድራችን ይሰበሰባል። እንግዳ አይከለከልም፤ ሻይ አለ፣ ቆሎም አይጠፋም። አጀንዳው አንድ ነው፤ ድንኳናችንን ለሌላ ሰፈር ሰርግ እናከራየው ወይስ አናከራየው? ጸሐፊያችን እንደልማዱ ግሩፑ ላይ «አዎ» እና «አይ» ብሎ ለጥፎታል። እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ፣ ዳቦ ልገዛ ስሄድ፣ አጥር ለአጥር እስካሁን አምስት መልስ ሰምቻለሁ።